ፊቱ ተሰብሮ የተጫወተው ሰውዬና ሌሎች የራግቢ ሊግ ወሬዎች

እንግሊዝ፣ ሊድስ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከማክማቸው ብዙዎቹ የራግቢ ሊግ ፎርዋርዶች ናቸው፤ ኳስ አቅፈው ፊት ለፊት የሚጋጩት ስድስቱ ተጫዋቾች ማለት ነው። ስለነሱ የሚወራውን መስማት ሰልችቶኛል።

«ራግቢ ያው ራግቢ ነው።» አይደለም። ራግቢ ሊግና ራግቢ ዩኒየን ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው፤ የተለያዩት በ1895 እንግሊዝ ውስጥ ሀደርስፊልድ ላይ ነው፤ ጠቡም የገንዘብ ነበር። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ለጨዋታ ብለው ከሥራ ለሚቀሩ ተጫዋቾች የቀረባቸውን ደሞዝ እንክፈል አሉ፤ የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር እምቢ አለ። ዛሬ ሊግ 13፣ ዩኒየን 15 ሰው ያሰልፋል።

«ፎርዋርድ ግዙፍ መሆን አለበት።» የሜልበርን ስቶርሙን ካሜሮን ስሚዝ አይታችሁታል? ሁከር ነበር፣ ማለትም በፊተኛው መስመር መሀል የሚቆመው ፎርዋርድ፤ ሲያዩት ግን የባንክ ሠራተኛ ይመስላል። በአውስትራሊያው ከፍተኛ ሊግ፣ በኤንአርኤል፣ 430 ጨዋታ አድርጎ ነው ጫማ የሰቀለው። ከሁከሩ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ፕሮፖች ግን እውነትም ግዙፎች ናቸው፣ አልክድም።

«ጉልበት እንጂ ሩጫ የላቸውም።» ባላጋራን ጥሎ፣ ተነስቶ፣ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ሮጦ፣ እንደገና ወደ ፊት መውጣት። ይህን ደጋግማችሁ ሞክሩትና እናውራ።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። «እውነተኛ ፎርዋርድ ጉዳት አያስቆመውም።» ማስረጃው ሁልጊዜ እንግሊዛዊው ፎርዋርድ ሳም በርጀስ ነው። በ2014 የኤንአርኤል ፍጻሜ፣ ገና በመጀመሪያው ግጭት የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። አልወጣም። ክለቡ ሳውዝ ሲድኒ ከ1971 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ፤ እሱም የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ተረኪዎቹ እዚያ ላይ ያቆማሉ። በ2019 ያው በርጀስ በትከሻው ጉዳት ጨዋታ አቆመ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። ይህንን ማንም አይነግረኝም።

የተሰበረ ጉንጭ ቢያንስ ይታያል። የጭንቅላት ምት ግን አይታይም፣ ተጫዋቾቹም ይደብቁታል። አንዱ ለአንገቱ ብሎ መጣ። «ሌላ የሚሰማህ ነገር አለ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ፣ ፈርጠም ብሎ። እውነቱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ ከጨዋታው በኋላ መኪናውን የት እንዳቆመ ጠፍቶት ሰፈሩን ሲዞር አምሽቷል። ይሄ ጀግንነት ነው?

ሕጉም ቢሆን ከወሬው ቀድሟል። ጭንቅላቱን የተመታ የተጠረጠረ ተጫዋች ወጥቶ ይመረመራል። ኤንአርኤል ከ2023 ጀምሮ፣ አንጎሉ መናጋቱ የተረጋገጠበትን ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 11 ቀን ያሳርፋል። ሰፈር ሜዳ ላይ ግን ሐኪም የለም፤ ስለዚህ ስሙኝ። ጭንቅላቱን ከተመታ ይውጣ፣ በዚያ ቀን አይመለስ። መኪና አይንዳ፣ አልኮል አይቅመስ፣ ብቻውን አይደር። ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተምታታበት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ተኝቶ ይነሳና እናያለን» የሚባል ነገር የለም። አሠልጣኙ ቢቆጣ ይቆጣ።

«ሀብታሞች ናቸው» የሚሉም አሉ። ፎርዋርዱ ጄሰን ታውማሎሎ በ2017 ከሰሜን ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈርሟል፤ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው። እንደሱ ያለ ግን ጥቂት ነው። እዚህ እንግሊዝ፣ ከከፍተኛው ሊግ ከሱፐር ሊግ በታች ካሉት ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ለዚህ ነው ቀጠሮዎቼ ማታ ማታ የሚሞሉት።