ኤር ከርማና ዳፕ፦ ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከተረኝነት መልስ ለፍሎሮስኮፒ (የሰውነትን ውስጥ በቀጥታ እያሳየ ለሚሠራ ራጅ) ፈቃድ ፈተና የምታጠኑ ሐኪሞች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው። ማሽኑ የሚያሳየው ኤር ከርማና ዳፕ ምንና ምን ናቸው?

ኤር ከርማ የሚለካው በግሬይ ነው። ጨረሩ በአንድ በተወሰነ ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። በሲ-አርም (የC ቅርጽ ባለው የራጅ ማሽን) ነጥቡ ከአይሶሴንተር፣ ማለትም ማሽኑ ከሚዞርበት መሃል ነጥብ፣ ወደ ራጅ ቱቦው 15 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ነው። ስለ ቆዳ ጉዳት ከተጠየቃችሁ ይህንን ቁጥር እዩ። ቆዳ 2 ግሬይ ገደማ ሲያገኘው ሊቀላ ይችላል።

ዳፕ (ዶዝ-ኤሪያ ፕሮዳክት) ግን መጠኑን በጨረሩ ስፋት ያባዛዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መሸምደድ አያዋጣም፤ አንዴ በወረቀት ሥሩት። ከጨረሩ ምንጭ 50 ሴንቲሜትር ላይ 10 ሚሊግሬይ በ100 ካሬ ሴንቲሜትር ቢያርፍ ብዜቱ 1000 ነው። ርቀቱን 100 አድርጉት። መጠኑ ወደ 2.5 ይወርዳል፣ ስፋቱ 400 ይሆናል። ብዜቱ ያው 1000! ዳፕ በርቀት የማይለወጠው ለዚህ ነው።

ኮሊሜተሩን (የጨረሩን ስፋት የሚወስነውን ክፍል) ስታጠቡ ዳፕ ይቀንሳል፤ ኤር ከርማው ግን እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ ሥራው ሲረዝም ማጥበብ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ቦታ ያለ ቆዳ ብቻ እንዳይመታ ቱቦውንም ዘወር አድርጉት።