ለማያስቴኒያ ግራቪስ ደጋፊ ሕክምና ምንድን ነው?

ደጋፊ ሕክምና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም። የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ቀላል ስፖርት፣ የአመጋገብ ዘዴ፣ ማሳጅ፣ ቫይታሚንና ዕፀዋት በዚህ ስም ይጠራሉ። ጡንቻን በሚያዝለው በማያስቴኒያ ግራቪስ ግን ሌላውን ሰው የማይነካ ነገር ታማሚውን ሊጥለው ይችላል።

ምክንያቱ በሽታው ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል እየለቀቀ ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የሰውነት በሽታ መከላከያ የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች የዚህን ኬሚካል ተቀባይ ይዘጋሉ፣ ያፈርሳሉም። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል፦ ጠዋት ደህና የነበረው የዐይን ቆብ ማታ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል።

ሙቀት ድካሙን ያባብሳል። ሐኪሞች በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው በወደቀው ቆብ ላይ ለ2 ደቂቃ ይይዛሉ፤ ቆቡ 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከተነሣ በሽታውን ያመለክታል። ሙቀት የዚህን ተቃራኒ ስለሚያደርግ ፍልውሃ፣ ሳውና፣ እንፋሎትና ወይባ ለዚህ ታማሚ አይመከሩም፤ «ጡንቻ ያፍታታል» ቢባልም።

ማግኒዚየምም እንዲሁ ነው። ከነርቭ የሚለቀቀውን አሴቲልኮሊን ይቀንሳል። እንክብሉን መተው ቀላል ነው፤ ችግሩ በአንዳንድ የጨጓራና የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ውስጥም መኖሩ ነው፣ ስለዚህ ማሸጊያው ይነበብ። ይዘቱ የማይታወቅ የተቀመመ መድኃኒትም ሆነ «በሽታ የመከላከል ዐቅም ይጨምራል» የሚባል ዕፅ አይወሰድ፤ እዚህ ሥራ የበዛበት ራሱ መከላከያው ነው።

በእርግጥ የሚጠቅመው ሰዓትን ማወቅ ነው። የጡንቻውን ድካም የሚያስታግሰው ክኒን፣ ፒሪዶስቲግሚን (ሜስቲኖን)፣ ከተዋጠ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ምግብም እንቅስቃሴም በዚያ መሐል ይሁን። ቆሎና ደረቅ ጥብስ መንጋጋን ያዝላሉ፤ በወጥ በደንብ የራሰ፣ ቀዝቀዝ ያለ ፍትፍት ይሻላል። ትንታ የሚያስቸግረው ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ይዋጥ። በሽታው ለተረጋጋለት ሰው ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ ቆብ መውደቅ ወይም ድምፅ መለወጥ ሲጀምር ግን ይቁም።

ጸበል ከክኒኑ ጋር አይጣላም፤ አደጋው ክኒኑን ማቋረጥ ነው። በተለይ ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን (መከላከያውን የሚያበርድ ስቴሮይድ) በድንገት ሲቆም ሕይወትን ያሰጋል። መዋጥ የከበደው ሰው ጸበሉንም በትንሽ በትንሹ ይጠጣ።

ቤት ውስጥ ትንፋሽን ለመከታተል አየር በደንብ ስቦ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ መቁጠር ይቻላል። 20 ሳይደርስ የሚቋረጥበት፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ተጋድሞ መተንፈስ የከበደው ሰው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እዚያም ድካሙን ሊያባብሱ ከሚችሉት አንቲባዮቲኮች ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን ወይም የወባ መድኃኒቱ ኪኒን ከመሰጠቱ በፊት የበሽታው ስም ይነገር።