ፓርክ ዲስትሪክት ምንድን ነው?

ሲያትል ውስጥ ቤት ያለው ሰው በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፍላል። ከዚያ ላይ የተወሰነው ፓርክ ዲስትሪክት ለሚባል አካል ይሄዳል። ተከራዩም ቢሆን አያመልጥም፤ ግብር ሲጨምር ኪራይ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ሁላችንም የምንከፍልበት ነገር ስለሆነ ምንነቱን ብናውቅ ይጠቅመናል።

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ዲስትሪክት ሲባል አንድ ሰፈር ይመስላል። ፓርክ ዲስትሪክት ግን የመንግሥት አካል ነው። ሥራው ፓርክና መዝናኛ ብቻ ነው፤ ለዚሁ ሥራ በራሱ ስም ግብር የመጣል ሥልጣን አለው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ይህን በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። የጎረቤታችን የታኮማ ፓርክ ዲስትሪክት የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ሲያትል ግን ከ100 ዓመት በላይ ቆይታ በ2014 ተከተለች።

ምን አስቆያት? ሌላ መንገድ ነበራት፤ ሌቪ። ሌቪ ማለት ሕዝቡ በድምፁ አጽድቆ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚከፍለው ተጨማሪ ግብር ነው። በ2000 ለፓርኮች 198 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2008 ደግሞ 146 ሚሊዮን ዶላር በዚህ መንገድ ጸደቀ። ብዙ ጥሩ ሥራም ተሠራበት።

ችግሩ ሌቪ የሚወደው አዲስ ነገር መሆኑ ነው። ሕዝብ ድምፅ የሚሰጠው ለሚታየው ነው። አዲስ የልጆች መጫወቻ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣል። የፈነዳ ቧንቧ ሲጠገን ግን ማን ይመርቃል? ስለዚህ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ያረጀ የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ፣ የተሰነጠቀ የእግር መንገድ ለከርሞ ይተላለፋል። ከርሞም ለከርሞ ያሳልፈዋል። እንደ ውዝፍ ኪራይ ተጠራቅሞ በ2014 አካባቢ የከተማዋ የፓርክ ጥገና ውዝፍ 270 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ሕፃናት ይዞ ፓርክ የሄደ ወላጅ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጅ ሽንቴ መጣ ሲል ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ማግኘት ማለት ነው።

ነገሩ የሲያትል ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ገበታ ለሸገር የተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ሲዘጋጅ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሏል፤ ለወንዝ ዳርቻ ልማት። እንዲህ ያለ ገንዘብ ፓርክ ይሠራል። ከ10 ዓመት በኋላ ሣር ለሚያጭደው ሠራተኛ ደመወዝ ግን ሳያቋርጥ የሚመጣ ገቢ ያስፈልጋል። የመግቢያ ትኬት አንዱ መንገድ ነው፤ አንድነት ፓርክ በትኬት ነው የሚገባው። ግን ትኬት ስድስት ልጆች ላለው ቤተሰብ ከባድ ነው። እኔ ሁሉም በአቅሙ ከፍሎ ሁሉም በነፃ የሚገባበትን መንገድ እመርጣለሁ።

ሲያትል በኦገስት 2014 ሕዝቡን ጠየቀች፤ ሐሳቡ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ሕጉ ዲስትሪክቱ ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የንብረት ግምት እስከ 75 ሳንቲም እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ሲጀምር የተሰበሰበው 33 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ቤቱ 600,000 ዶላር ለተገመተ ሰው በዓመት 200 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከተማዋም ከመደበኛ በጀቷ ለፓርክ የምትሰጠውን እንዳትቀንስ ስምምነት ተፈረመ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አለበለዚያ አዲሱ ገንዘብ በአንድ በር ገብቶ አሮጌው በሌላ በር ይወጣ ነበር።

የተቃወሙት ሰዎች ስጋት ግን ከንቱ አልነበረም። ሌቪ ጊዜው ሲያልቅ ወደ ሕዝብ ይመለሳል፤ ዲስትሪክቱ ቋሚ ነው። ታኮማ ለፓርክ ብቻ የተመረጡ አምስት የቦርድ አባላት አሏት። በሲያትል ግን ቦርዱ ራሱ የከተማው ምክር ቤት ነው። ግብሩን 75 ሳንቲሙን ሳያልፍ ከፍ ለማድረግ የሕዝብ ድምፅ አያስፈልገውም። በ2022 ሁለተኛው ዕቅድ ሲጸድቅ ግብሩ ጨምሯል።

ስለዚህ ድምፃችን የሚሰማው ዕቅዱ ሲወጣ ነው። ገንዘቡ በስድስት ዓመት ዕቅድ ይመደባል፤ የቱ ፓርክ ይታደስ፣ የቱ ሽንት ቤት ክረምቱን ክፍት ይሁን የሚለው እዚያ ይወሰናል። ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። ሬኒየር ቫሊ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት አካባቢ ነው፤ ኦቴሎ ፓርክ እዚያው ነው፤ ሴዋርድ ፓርክም ቅርብ ነው። የአሁኑ ዕቅድ ከ2023 እስከ 2028 ያለውን ነው የሚሸፍነው። ቀጣዩ የሚዘጋጀው ይህ ሳያልቅ በፊት ነው። ሰፈራችሁ ያለውን ፓርክ ዛሬ ዞር ዞር ብላችሁ እዩትና የጎደለውን ጻፉ፤ ስብሰባው ሲጠራ ይዛችሁት ግቡ።