አልጋ አለ? በጎጃም ከተሞች የአነስተኛ ዋጋ ማደሪያዎች

በጎጃም ከተሞች አልጋ ቤት፣ አልቤርጎ፣ ፔንሲዮን ወይም ባጭሩ ሆቴል እየተባሉ የሚጠሩት አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ማደሪያዎች፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለችው ደጀን አንሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር በሚደርሰው አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ተሳላሚው፣ ልጁን ሊያስመርቅ የመጣው ወላጅ፣ እንዲሁም ከተማ አይቶ በሁለት ቀን ለመመለስ የተነሣው ጎብኚ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት በእነዚህ ቤቶች ነው። አብዛኞቹ የኮከብ ደረጃ የላቸውም፤ በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የጀመረው የሆቴሎች የኮከብ ምደባ ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅም በዋናነት የተመለከተው ትልልቆቹን ነበር። ስለዚህ እንግዳው ቤቱን የሚመዝነው በራሱ ዓይንና ጆሮ ሲሆን፣ ከዋጋው ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ቤቱ ዋናውን ገቢ የሚያገኘው ከምን እንደሆነ ነው። ከመጠጥ የሚያገኝ ቤትና ከመኝታ ብቻ የሚያገኝ ቤት በአንድ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ሌሊቶችን ይሸጣሉ።

ስያሜዎቹ

እንግዳው ወደ መቀበያው ቀርቦ የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው። ያገኘ ሰው «አልጋ ያዝኩ» ይላል፤ ክፍሎቹ ሲሞሉም «አልጋ አልቋል» ይባላል። አነጋገሩ የንግዱን ጠባይ ሳይደብቅ ይገልጻል፤ የሚከራየው አልጋው ሲሆን ቁርሱ፣ ፎጣው፣ ሙቅ ውሃውና ጸጥታው በዋጋው ውስጥ ሊገቡም ላይገቡም ይችላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ባለ ሻወር ነው የጋራ?» የሚለው ነው። ባለ ሻወር የሚባለው መታጠቢያና ሽንት ቤት በውስጡ ያለው ክፍል ሲሆን፣ የጋራ የሚባለው ደግሞ እንግዳው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወይም ወደ ግቢው ማዶ የሚሄድበት ነው።

ሆቴል የሚለው ቃል አዲስ መጪን ያሳስታል። በብዙ የጎጃም ከተሞች ሆቴል ማለት በመጀመሪያ ምግብ ቤት ማለት በመሆኑ፣ በግንባሩ ላይ ሆቴል ተብሎ የተጻፈበት ቤት ጥሩ ጥብስ ኖሮት አንድም አልጋ ላይኖረው ይችላል። አልቤርጎ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ስም ነው፤ ቃሉ ዛሬም በአንደበት ይሰማል እንጂ ርካሽነትን የሚያመለክት እየመሰለ በመምጣቱ ባለቤቶች በታፔላቸው ላይ ሊጽፉት አይወዱም። በምትኩ የሚጽፉት ፔንሲዮን ወይም ገስት ሃውስ ነው። ፔንሲዮን ሲባል ብዙውን ጊዜ መጠጥ ቤት የሌለው፣ ምግብም ቢኖረው ከቁርስ የማያልፍ፣ አልጋ ብቻ የሚያከራይ ቤት ይጠበቃል።

ከእግዜር እንግዳ ወደ ቡና ቤት

ለአዳር ገንዘብ መክፈል በጎጃም ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ አይደለም። በገጠሩ የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ቅኔ ፍለጋ ይዘዋወር የነበረው የቆሎ ተማሪም፣ ጨው ጭኖ የሚወጣና የሚወርደው ነጋዴም አገር ያቋረጠው በዚህ ሥርዓት ነው። ማደሪያን በገንዘብ የሚሸጥ ቤት የተስፋፋው የመኪና መንገድ ከተሠራና ከተሞች በመንገዱ ግራና ቀኝ ከረዘሙ በኋላ ነበር።

የመጀመሪያው መልኩ ቡና ቤት ነበር። ከፊት ባንኮኒና ጥቂት ጠረጴዛ፣ ከኋላ ግቢውን የከበቡ ጠባብ ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜም የባለቤቲቱን ስም የያዘ ታፔላ ነበረው። ሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች ሌሊት እንዳይጓዙ ይከለከሉ ስለነበር፣ በአንድ ቀን የማያልቅ ጉዞ የያዘ ሁሉ በጨለመበት ከተማ ወርዶ ወደ እነዚህ ቤቶች ይጎርፍ ነበር። ዛሬም ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ሰዎች የዓባይን ሸለቆ በቀን ብርሃን ለመውረድ ደጀን ላይ ያድራሉ፤ የደጀን አልጋ ቤቶች ሰፊ ግቢ ያላቸውም መኪናው ከባለቤቱ እኩል ማደሪያ ስለሚያስፈልገው ነው።

ቤቱ በምን ይተዳደራል?

በመጠጥ የሚተዳደረው ቤት የቡና ቤቱ ቀጥተኛ ወራሽ ነው። ክፍሎቹ ርካሽ የሚሆኑት ባለቤቱ ትርፉን ከቢራው ስለሚያገኝ ሲሆን፣ እንግዳው ያተረፈውን ገንዘብ በእንቅልፉ ይከፍለዋል፤ ሙዚቃው እኩለ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፣ ግቢው ውስጥ የሚመላለሰው ሰውም ሁሉ አዳሪ አይደለም። አንዳንዶቹ ክፍላቸውን በሰዓት ጭምር ያከራያሉ፤ ይህ በተለምዶ «ሾርት» የሚባለው ነው። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ እንዲህ ያለው ቤት አይመከርም፤ አዝማሪ ሊሰማና ጠላና አረቄ ሊቀምስ ለመጣ ወጣት ግን የሚፈልገውን ከነአልጋው ያገኝበታል።

በምግብ የሚተዳደረው ቤት ለከተማ ጎብኚ ብዙ ጊዜ የተሻለው ምርጫ ነው። ምግቡን የሚበላው የከተማው ሰው ስለሆነ ወጥ ቤቱ በእንግዳ ማጣት አይቀዘቅዝም፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ፣ በፍስኩ ቀን ደግሞ ጥብሱና ክትፎው ትኩስ ይገኛል። ጉድለቱ ከማድቤቱ በላይ ያለ ክፍል የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከንጋት ጀምሮ የሚገባበት መሆኑ ሲሆን፣ ከኋላ በኩል ያለ ክፍል በመጠየቅ ይቃለላል።

ፔንሲዮኑ አልጋውን ብቻ ስለሚሸጥ የአልጋው ነገር ይመለከተዋል። አንሶላው ባብዛኛው ንጹሕ ነው፣ በሩ ማታ በጊዜ ይዘጋል፣ ዘበኛው ማን እንደገባና እንደወጣ ያውቃል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው ጥቂት ብር ጨምሮ ወደ ፔንሲዮን ቢሄድ አይቆጭም።

አራተኛው ዓይነት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበዛው ባለ ፎቅ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ለባንክ ወይም ለሱቅ ይከራያል፤ የላይኞቹ ፎቆች አልጋ ይሆናሉ። ሕንፃው ከውጭ መስታወት ለብሶ ሲታይ የሚያስከብር ቢሆንም ባለቤቱ በኪራዩ ስለሚኖር አልጋው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ገቢ ብቻ ነው፤ ውሃ ወደ አራተኛው ፎቅ አለመውጣቱም ሆነ የተሰበረ መቆለፊያ ለወራት አለመጠገኑ ከዚህ የሚመጣ ነው።

በመናኸሪያ ዙሪያ የሚገኙት ቤቶች ለብቻቸው ይታያሉ። ደንበኛቸው ማታ ገብቶ ሌሊት የሚወጣ ተሳፋሪ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ይመለሳል ብለው አይጨነቁም። ከአውቶቡሱ በር ሻንጣ ሊቀበል የሚሽቀዳደመው ደላላ የሚወስደውም በአብዛኛው ወደ እነርሱ ነው፤ የደላላው ድርሻ ከአልጋው ዋጋ ላይ ስለሚታከል፣ ባጃጅ ይዞ ወይም በእግሩ ጥቂት ርቆ ራሱ የጠየቀ እንግዳ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻም ነበረች። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ብርድ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር በአንድ ብርድ ልብስ ማደር ስለማይቻል ሁለተኛ ብርድ ልብስ ገና አልጋው ሲያዝ ይጠየቃል። እዚህ ወሳኙ ነገር ሙቅ ውሃ ነው። «ሙቅ ውሃ አለ?» ለሚለው ጥያቄ «አለ» የሚል መልስ መስጠት ቀላል በመሆኑ፣ እንግዳው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ማሞቂያው መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን አጣርቶ ቢከፍል ይሻለዋል። ማሞቂያ የሌላቸው ቤቶች ውሃ አፍልተው በባልዲ ያቀርባሉ፤ ይህን ቀድመው የሚናገሩ ከሆነ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ከተማዋን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የንጉሡን ቤተ መንግሥት በአንድ ቀን በእግር ማየት ስለሚቻል አንድ ሌሊት ይበቃል።

ባሕር ዳር

ለዕረፍት የሚመጣው ሰው መዳረሻ ባሕር ዳር ናት። በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሞጣ በኩል ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ፣ ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ስፍራ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠች በመሆኗ የማደሪያዋ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ ፍጹም ይለያል። ብርድ ልብሱ ይቀርና አጎበሩ ይመጣል። የወባ ትንኝ በተለይ ዝናብ ካቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሚበዛ፣ አጎበሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ቀዳዳ እንደሌለው መመልከት፣ መስኮቱም የወንፊት ሽቦ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። ርካሽ ክፍል ከጣሪያው በታች ከሆነ በመጋቢትና በሚያዝያ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ስለዚህ ታችኛው ፎቅ ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ልዩነት የሚፈጥረው ከሕንፃው ላይ የሚታየው ሮቶ ነው።

ሐይቁን የሚያዩት ሆቴሎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ አነስተኛዎቹ ከዳርቻው ወደ ውስጥ፣ በመናኸሪያውና በገበያው አካባቢ ይበዛሉ። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ከተማዋ ሜዳማ፣ መንገዶቿም ዘንባባ የተተከለባቸው ስለሆኑ ከአልጋ ቤት ተነሥቶ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንንና የሐይቁን ዳር በእግር መድረስ ይቻላል። ከዳርቻው የሚነሡት ጀልባዎች ወደ ዘጌ ልሳነ ምድርና ወደ ደሴት ገዳማቱ ይወስዳሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ስትሆን ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ፣ ባልና ሚስት የጀልባ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ይህን ማወቅ ይኖርባቸዋል። የጀልባው ኪራይ ከአልጋው ሊበልጥ ይችላል፤ በአነስተኛ ማደሪያ ማደር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ እንግዶች በቁርስ ሰዓት ተነጋግረው ጀልባውን በጋራ ይከራያሉ።

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጉዞውን ጊዜ ይወስናል። ከውሃው ከፊሉ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የመጣ ግን በሙላት ያየዋል። የምሽቱ ራት ሐይቁ ካለበት ከተማ አሣ መሆኑ አይቀርም፤ ቀረሶ ተጠብሶ፣ አምባዛም በጉላሽ ይቀርባል፤ አልጋ ቤቱ ምግብ ባይኖረውም አሣ ቤት ከአጠገቡ አይጠፋም።

ወቅትና ዋጋ

አልጋ የሚጠፋበት ጊዜ የታወቀ ነው። በጥምቀት ሰሞን፣ በጥር ሠርጎችና ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚያስመርቁበት ክረምት ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ባሕር ዳርንና ደብረ ማርቆስን ያጥለቀልቃል፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በሚከበርባት እንጅባራም ፈረስና ሰው በአንድነት ማደሪያ ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቀናት ዋጋው እጥፍ ቢሆን የሚከራከር የለም። በሌላው ጊዜ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ሁለትና ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ ቅናሽ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ «ጋሼ፣ ለሦስት ቀን ከሆነ እንነጋገራለን» የሚል መልስ ይሰማል። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ዓመት ያደረ ወዳጅ የነገረውን ይዞ መከራከር አያዋጣም። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይሆናል።

መታወቂያ ሳያሳይና በእንግዳ መዝገብ ሳይመዘገብ የሚያድር የለም፤ የክልሉ ጸጥታ ከደፈረሰበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ምዝገባው ይበልጥ ጠብቋል። መንገድ የሚዘጋበት፣ የሰዓት እላፊ የሚታወጅበትና ባጃጅ በጊዜ የሚቆምበት ጊዜ ስለነበረና ስላለ፣ ጉዞው ከመወሰኑ በፊት ወደ ማደሪያው ስልክ ደውሎ የዕለቱን ሁኔታ መጠየቅ ከማናቸውም ዜና ይበልጥ ትክክለኛ መረጃ ይሰጣል። 

ክፍሉን የመልቀቂያ ሰዓት በአብዛኞቹ ቤቶች ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጀልባ የሚሄድ ወይም ገበያ የሚወጣ እንግዳ ሻንጣውን በመቀበያው ወይም በዘበኛው ዘንድ ያለ ክፍያ ያስቀምጣል። በአውቶቡስ የሚመለሰው ደግሞ ማታውኑ ሒሳቡን ይዘጋል፤ መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚነሣ ለዘበኛው «10 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል፤ ዘበኛውም ጋቢውን እንደተከናነበ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፣ ባጃጅ ጠርቶለትም የግቢውን በር ይከፍትለታል።