ስለ ሩሲያ ዘጋቢ ቲያትር የሚባለውና እውነታው

«የተቀዳ ንግግር ገልብጦ መድረክ ላይ ማንበብ ምኑ ድርሰት ነው?» የሚለውን አስተያየት ስለ ዘመናዊው የሩሲያ ዘጋቢ ቲያትር (ከእውነተኛ ሰዎች ንግግርና ከሰነዶች ስለሚሠራው ተውኔት) ባስተማርሁ ቁጥር እሰማዋለሁ፤ ይህን የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ንግግር ከመቅጃ ላይ ቃል በቃል ጽፈው የማያውቁ ናቸው። ኤሌና ግሬሚናና ሚኻይል ኡጋሮቭ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ሞስኮ ውስጥ በአንድ ምድር ቤት የከፈቱት ቲያትር ዶክ፣ በ2010 «አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት» የተሰኘ ተውኔት አቅርቧል። ተውኔቱ በ2009 በሞስኮ እስር ቤት ሕይወቱ ስላለፈው የግብር ባለሙያ ሰርጌይ ማግኒትስኪ ሲሆን፣ ከሰነዶች፣ ከሟቹ ጽሑፎችና ከእናቱ ቃል የተውጣጣ ነው። ይሁንና ሟቹ ራሱ መድረክ ላይ አይታይም፤ በእውኑ ዓለም ያልተካሄደውም፣ ለሞቱ ተጠያቂ የተባሉት ሰዎች የፍርድ ሂደት የሚካሄደው በተውኔቱ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ የወሰነው የድምፅ መቅጃ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ደራሲ ለመባል ሲሉ ቃሉን የሚያበላሹ አሉ። አንድ ተማሪዬ ከአንዲት የገበያ ነጋዴ የቀዳውን ንግግር ድግግሞሹንና ያልተጨረሱ ዐረፍተ ነገሮቹን አውጥቶ፣ በመጽሐፍ ቋንቋ አስተካክሎ ሲያመጣልኝ፣ ሴትዮዋ ጠፍታ ዜና አንባቢ ቀርታ ነበር። መቁረጥና ቅደም ተከተል መለወጥ ይፈቀዳል፤ ማሳመር ግን አይፈቀድም። ቅጂውንም ራሳችሁ ገልብጡት እንጂ ለሌላ ሰው አትስጡ፤ ተናጋሪው የት እንደ ተነፈሰና የት ጥያቄውን እንደ ሸሸ የሚታወቀው ደጋግሞ በማዳመጥ ብቻ ነው።

የሰዎችን ንግግር ቀድቶ ቃል በቃል ተውኔት የማድረጉ ዘዴ የሩሲያውያን ፈጠራ ነው የሚባለው ስሕተት ነው፤ ወደ ሞስኮ የገባው የለንደኑ ሮያል ኮርት ቲያትር ባለሙያዎች በሰጡት ሥልጠና ነው። ሁሉም ሥራ ፖለቲካ ነው የሚባለውም እንዲሁ፤ ከቲያትር ዶክ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ስለ ፍቅርና ስለ ወንጀል ከሴት እስረኞች ጋር በተደረገ ቃለ መጠይቅ የተሠራ ነበር። መድረክ ላይ የተነገረው ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይቻልም፤ በ2004 በሩሲያዋ ቤስላን ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ተፈጸመው እገታ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከጻፉት የተሠራው «ሴፕቴምበር ዶክ» ጥላቻንም አሰምቷል፤ ማሰማት ግን ማጽደቅ አይደለም።

«የሌላ ሰው ቃል ስለ ሆነ ደራሲው አይጠየቅም» የሚሉት ደግሞ የዋሆች ናቸው። በኢንተርኔት ተታለው ወደ ሶርያ ታጣቂዎች ለመሄድ ስለ ተነሡ ሴቶች፣ በከፊል በፍርድ ቤት ሰነዶች ላይ ተመሥርታ ተውኔት የጻፈችው ስቬትላና ፔትሪይቹክና አዘጋጇ ዤንያ ቤርኮቪች በ2024 በተውኔቱ ሽብርተኝነትን አጽድቃችኋል ተብለው እያንዳንዳቸው ስድስት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ደራሲዋ ያልተረፈችበት ለተናጋሪው የባሰ ነውና፣ የቃለ መጠይቅ ሰጪያችሁን ስም፣ ሰፈርና የሥራ ቦታ ከመጀመሪያው ረቂቅ አውጡ፤ ፈቃዱንም መቅጃው ከመከፈቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ተውኔቱ ካለቀ በኋላም ጠይቁ።