ጂምካና፦ በኮኖች መካከል የሚካሄደው የአማተሮች የመኪና ውድድር

ጂምካና ሾፌሩ በሰፊና ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ በተተከሉ ኮኖች (ሾጣጣ የመንገድ ምልክቶች) መካከል አስቀድሞ የተወሰነውን መስመር ተከትሎ በተቻለው ፍጥነት የሚያሽከረክርበትና ሰዓቱ የሚያዝበት የሞተር ስፖርት ነው። ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ብቻውን ይገባና የያዘው ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስለሚነዳ የሞተር ጉልበት የሚሰጠው ብልጫ ውስን ነው። ለዕለት ሥራ የሚያገለግል መኪና ይዞ መግባት ስለሚቻልም፣ ጓደኛሞች ተጠራርተው በቀላሉ ከሚጀምሯቸው የሞተር ስፖርት ዘርፎች አንዱ ሆኗል።

ቃሉ የመጣው ከህንድ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ጂምካና የስፖርት ክለብ ወይም የመሰብሰቢያ ስፍራ መጠሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው የቦምቤይ ጂምካና ዛሬም ስሙን እንደያዘ ነው። በኋላ ፈረሰኞች በእንቅፋቶች መካከል እየተጠማዘዙ የሚፎካከሩበት ጨዋታ በዚሁ ስም ተጠራ፤ ፈረሱ በመኪና ሲተካም ስሙ አልተለወጠም። ስፖርቱ በጃፓን ጂምካና ተብሎ ብሔራዊ ሻምፒዮና ሲኖረው፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሞተርካና፣ በብሪታንያ ደግሞ አውቶቴስት የሚባሉ ዘመዶች አሉት። የአሜሪካው አውቶክሮስ መስመሩ ሰፋ፣ ፍጥነቱም ከፍ ያለ ሲሆን፣ በአውቶቴስት የተለመደው ወደ ኋላ መንዳት በእሱ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ስሙን ያወቀው ግን የራሊ ሾፌሩ ኬን ብሎክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ባሰራጫቸው ቪዲዮዎች ነው። እነዚያ ለካሜራ የተዘጋጁ ትርኢቶች ናቸው፤ በውድድሩ ግን ጎማ ማጨስ ለዓይን ቢያምርም ሰዓት ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከጉልበት ይልቅ የሚፈተነው የማስታወስ ችሎታ ነው። የመስመሩ ካርታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዕለቱ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው ከመግባቱ በፊት መስመሩን በእግሩ ከማጥናት በቀር በመኪና አይለማመድበትም። አንዱን ኮን አንዴ በግራ፣ ሌላ ጊዜ በቀኝ ማለፍ፣ ሦስተኛ ጊዜም ዙሪያውን መዞር ሊጠየቅ ይችላል፤ መስመር የሳተ ሰው ምንም ያህል ቢፈጥን ሰዓት አይመዘገብለትም። በዚህ ጊዜ የጓደኛ አብሮነት ይረዳልም ይጎዳልም። እየተጨዋወቱ መስመሩን አብረው የዞሩ ሰዎች ጨዋታውን ያስታውሳሉ እንጂ መስመሩን አያስታውሱትም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ለብቻ መሄድ ይሻላል። በአንዳንድ ቦታዎችም በመኪናው ወንበር ከፍታ ልክ ቁጢጥ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ለቆመ ሰው ወለል ብሎ የሚታየው መተላለፊያ፣ ከመሪው ጀርባ ሆነው ሲያዩት የኮን ጫካ ይመስላልና።

ጀማሪዎችን እጅግ የሚፈትነው በአንድ ኮን ዙሪያ መኪናን በጠባቡ አዙሮ ወደ መጡበት መመለስ ነው። በፊት ጎማ በሚሳብ ማንዋል መኪና ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ይቀርብና ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያጋድል ፍሬን ይይዛል፤ መሪውን ይጠመዝዛል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን በኃይል ይስባል። የኋላ ጎማዎች ተይዘው መንሸራተት ሲጀምሩ መኪናው በአፍንጫው ዙሪያ ይሽከረከራል። አፍንጫው ወደ መውጫው ሊዞር ትንሽ ሲቀረው የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ፍሪሲዮኑም ነዳጅ እየተሰጠ ይለቀቃል። መሪውን ሳይጠመዝዙ የእጅ ፍሬኑን መሳብ መኪናውን ወደ ፊት ከማንሸራተት በቀር አያዞረውም፤ ዓይንን ኮኑ ላይ መትከል ደግሞ ኮኑን ለመግጨት አጭሩ መንገድ ነው።

ኮን መግጨት ያስቀጣል። በጃፓን ለአንድ ኮን 5 ሰከንድ፣ በአሜሪካው አውቶክሮስ ደግሞ 2 ሰከንድ በሰዓቱ ላይ ይጨመራል። በአሜሪካ የየኮኑ ግርጌ አስፋልቱ ላይ በመስመር ስለሚከበብ፣ የተነካ ኮን ካልወደቀና ከተሰመረለት ቦታ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ቅጣት የለም። በመቶኛ ሰከንድ ልዩነት ደረጃ በሚለዋወጥበት ስፖርት አንድ ኮን ሙሉ ዙርን ያበላሻል። በጃፓን እንደተለመደው ሁለት ዙር ተነድቶ የተሻለው ሲያዝ፣ ብዙዎች በመጀመሪያው ዙር ንጹህ ሰዓት አስመዝግበው በሁለተኛው ይደፍራሉ።

ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መኪና ተመዝግበው በየተራ መግባታቸውም በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ወጪውን ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ «መኪናው ደካማ ነው» የሚለውን ሰበብ ያሳጣል። ሁለተኛው ሾፌር የጋለ ጎማ ስለሚረከብ በተራዎቹ መካከል ጎማው ላይ ውኃ የሚረጩ አሉ። ጎማው ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ማን እንደሚተካው ከውድድሩ በፊት መነጋገር ከኋላ ቅሬታ ያድናል። ተራቸው ያልደረሰ ተወዳዳሪዎች የተገጩ ኮኖችን በማንሳትና ቅጣት በመመዝገብ የሚሠሩባቸው ውድድሮችም አሉ።

ሄልሜትና የደህንነት ቀበቶ ግዴታ የሆኑባቸው ውድድሮች ብዙ ናቸው። በፍተሻ ጊዜ ባትሪው በሚገባ መታሰሩና የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸው ይታያል። ስኮርት ጎማውን ጨምሮ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ይወጣል፤ ከወንበር ሥር የተረሳ የውኃ ጠርሙስ በመጀመሪያው ጥምዝ ተንከባሎ ፍሬኑ ሥር ሊገባ ይችላል። ውድድሩ ሲያበቃ ያው መኪና ባለቤቱን ወደ ቤቱ ስለሚመልስ፣ የተለወጠው የጎማ ነፋስ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቃሉ፣ የወጣው ዕቃም ተመልሶ ይጫናል።