ሜይደን ምንድን ናት?

ሜይደን 58 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ከአሉሚኒየም የተሠራች የውቅያኖስ መወዳደሪያ የሸራ ጀልባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራችው በኒውዚላንዳዊው ብሩስ ፋር ንድፍ ነው። በመጀመሪያ ስሟ «ዲስክ ዶር 3» ትባል ነበር፤ በዚያ ስም ዓለምን በሚዞረው የዊትብሬድ ውድድር ተሳትፋለች።

ዝናዋ የሚጀምረው ከትሬሲ ኤድዋርድስ ጋር ነው። ይህች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1985–86 በዚያው ውድድር ላይ የሠራችው በምግብ አብሳይነት ነበር። ሸራ የሚጎትተውና መሪ የሚጨብጠው ወንድ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ቤቷን አስይዛ ያረጀችውን ጀልባ ገዛች፤ በሠራተኛነት የሰበሰበቻቸው ሴቶችም ጀልባዋን በገዛ እጃቸው አደሷት። ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ሲጠፋ የደረሱላት የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ሜይደን ሴቶችን ብቻ አሳፍራ ከእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን ተነሣች። ብዙዎች ከውድድሩ ጉዞዎች የመጀመሪያውን እንኳ አትጨርስም ብለው ነበር። ከኡራጓይ ወደ አውስትራሊያዋ ፍሪማንትል የሚወስደው ሁለተኛው ጉዞ ግን ወሬውን ሁሉ አፈረሰው። በዚያ መስመር ወደ ደቡብ ዝቅ በተባለ ቁጥር መንገዱ ያጥራል፣ ነፋሱም ይበረታል፤ ዋጋው ብርድና ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ነው። ካፒቴንም አቅጣጫ ቀያሽም የነበረችው ትሬሲ ደቡቡን መረጠች። ሠራተኞቿ በውርጩ ውስጥ በፈረቃ እየተተካኩ ሌት ተቀን ጀልባዋን ነዱ፤ በምድባቸውም፣ ማለትም በመጠን ከሚቀራረቡ ጀልባዎች መካከል፣ አንደኛ ወጡ። እስከ ኒውዚላንዷ ኦክላንድ ያለውን ቀጣዩን ጉዞም አሸነፉ። በእኔ እምነት እነዚህ ሁለት ድሎች በመጨረሻ ካገኙት የምድቡ ሁለተኛነት ይበልጣሉ፤ የተገኙት ውቅያኖሱ እጅግ በሚከፋበት ቦታ ነውና።

ከውድድሩ በኋላ ጀልባዋ ተሸጠች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሲሸልስ ተጥላ ተገኘች። በዕድሳቷ የንጉሥ ሁሴን ልጅ ልዕልት ሀያ አገዙ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ በየወደቡ ዞራለች።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በሌላ ትውልድ ሴቶች፣ በሄዘር ቶማስ ካፒቴንነት ወደ ውድድር ተመለሰች። የተመለሰችበት የኦሽን ግሎብ ውድድር ጂፒኤስን ይከለክላል፤ ተወዳዳሪዎች በሴክስታንት (ፀሐይንና ከዋክብትን በመለካት ያሉበትን ቦታ በሚያውቁበት መሣሪያ) እና በወረቀት ካርታ ይጓዛሉ። ሜይደን እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ውድድር በተስተካከለ ሰዓት አሸነፈች፤ ሴቶች ብቻ የነዱት ጀልባ ዓለምን በሚዞር ውድድር ሲያሸንፍም የመጀመሪያው ሆነ። የተስተካከለ ሰዓት ማለት የጀልባዎቹ መጠንና ሊደርሱበት የሚችሉት ፍጥነት ተሰልቶ የሚመጣ ውጤት ነው። ግዙፏ ጀልባ ቀድማ ወደብ ብትገባም፣ ከመጠኗ አንጻር በተሻለ ፍጥነት የተጓዘችው ትንሿ ልታሸንፋት ትችላለች። ስለዚህ ይህ ድል ከማንም የማያንስ ሙሉ ድል ነው።